ዶላሩና የቦሌ ለሚ ልጆች

የምኖረው ጀርመን ነው። አዲስ አበባ ስመጣ የማርፈው ከተማው ዳር፣ ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙም የማይርቅ ዘመድ ቤት ነው። መሀል ከተማ ያሉ ወዳጆቼ ስለ ኢኮኖሚ ሲያወሩ ዶላር፣ አይኤምኤፍ፣ የውጭ ባንክ ይላሉ። እዚህ ዳር ላይ ወሬው የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ነው። ጉዳዩ ግን አንድ ነው።

ዘመዶቼ ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል አራት የልብስ ፋብሪካ ልጆች ተከራይተዋታል። ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ምድጃ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ልብስ። ሰርቪሱ ማታ ሲያወርዳቸው ቆመው መቆየት እንኳ ያቅታቸዋል። አንዷን ኑሮ እንዴት ነው ስላት፣ «ጋሼ፣ ደመወዙ ሳይመጣ ያለቀ ነው፤ ኪራይ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ በቃ» አለችኝ። ከክፍለ ሀገር የመጣችው ለእናቷ ልትልክ ነበር።

የብሩ ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የፖሊሲው ሐሳብ ይገባኛል፤ ላኪው ለአንዱ ዶላር ብዙ ብር ያገኛል፣ የተደበቀው ዶላርም ወደ ባንክ ይመጣል። ችግሩ ልጅቷ የሚከፈላት በብር ሆኖ፣ የምትገዛው ዘይት ከዶላሩ ጋር አብሮ መውጣቱ ነው። እሷ ደግሞ ከፊቱም የሚተርፋት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሐዋሳ ፓርክ ላይ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፎ ነበር። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኛውን በሙሉ ይተኩ እንደነበርም ያው ጥናት ይናገራል። ሥራውን የለመደች ልጅ ጥላ ስትሄድ ባለሀብቱስ ምን ተረፈው?

ቬትናምን እንደ አርአያ የሚጠቅስ ብዙ ነው። ጥሩ፣ ግን ከመጀመሪያው ይጠቀስ። ለውጧን እ.ኤ.አ. በ1986 ጀመረች፣ በ1988 የእርሻ መሬቱን አጠቃቀም ከኅብረት ሥራው ወደ ገበሬው ቤተሰብ መለሰች፣ በቀጣዩ ዓመት ሩዝ በብዛት ወደ ውጭ ላከች። የልብስና የጫማ ፋብሪካው የጎረፈው ከዚያ በኋላ ነው። ሠራተኛዋ ፋብሪካ ስትገባ አገሯ ሩዝ ተርፏት ነበር። እኛ ዘንድ ጤፍ የሚዘራበት መሬት ላይ ፓርኩን ሠራን፤ የጤፉን ነገር ግን ለነገ አልነው።

ጀርመን ለሁሉም ሥራ የሚያገለግል ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ በሰዓት 8 ዩሮ ከ50። አንዳንድ ኢኮኖሚስቶች በመቶ ሺዎች ሥራ ያጣሉ ብለው ነበር፣ አልሆነም። አገራችን በአቅም ከጀርመን ጋር እንደማትወዳደር አውቃለሁ። አሠራሩ ግን አቅም አይጠይቅም፤ የአሠሪና የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያይ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ያ ቦርድ ከዶላሩ እኩል አስቸኳይ ነው። ሲቀመጥም የልብስ ፋብሪካ ልጆች ወንበር ይኑራቸው፤ ሒሳቡም ከአንዲት ክፍል ኪራይና ከአንድ ወር አስቤዛ ይነሳ።