ልጁ ሰረቀ፣ ሊቀ መንበሩ ጎደለባቸው

ሐሙስ የጅማው የሕርማታ ገበያ ሲደምቅ «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ብርቅ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዱ ሐሙስ የተያዘው ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የአንዲት ሴት ስልክ ነበር የወሰደው። ፖሊስ እስኪደርስ የወረደበትን ዱላ አልተርክም። ከመቺዎቹ አንዱን ግን አውቀዋለሁ። በዚያው ሳምንት እሑድ አንድ ስብሰባ ላይ አብረን ተቀምጠን፣ ከስልኩ ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የማኅበሩ ገንዘብ መጥፋቱ ሲነበብለት ያጨበጨበ ሰው ነው።

ስብሰባው ከጅማ ብዙም የማይርቅ የአንድ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። ማኅበሩ እሸት ቡና ከአባላቱ ይረከባል፣ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ይሸጣል፤ በዓመቱ መጨረሻ ትርፉን ያከፋፍላል። የዚያን ዓመት ትርፍ ኩርምት ብሎ ነበር። ኦዲተሩ ቆመና፣ ለእሸት ግዢ ወጪ ከሆነው ገንዘብ ውስጥ «በሰነድ ያልተደገፈ ሒሳብ» መገኘቱን አነበበ። ከኋላ ረድፍ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ተሰረቀ ማለትህ ነው?»

«አይደለም አባቴ፣ ጉድለት ነው።»

«ታዲያ ማን አጎደለው?»

ኦዲተሩ ወረቀቱን አገላበጠ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አዛውንቱ ተቀመጡ።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ልጁን «አንተ» በሚባል ሰው አንቀጽ ጽፌዋለሁ፣ ሊቀ መንበሩን ግን «እርስዎ» በሚባል። ዛሬም እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ቋንቋችን ራሱ ለባለ ማኅተሙ ያዳላል። የገበያው ልጅ «ሰረቀ» ይባላል፤ ግሱ አድራጊ አለው፣ ይጠቁማል። ገንዘብ ያዡ ግን «ጎደለበት» ነው የሚባለው። የዚህ ግስ ባለቤት ገንዘቡ ነው! ብሩ በራሱ ፈቃድ ጎድሎ በሰውየው ላይ የወረደ መዓት ያስመስለዋል። ትንሽ ደፈር ያልን እንደሆነ «በላ» እንላለን፤ መብላት ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም። «ሲሾም ያልበላ» የሚለውን ተረት ይህን ርዕስ ያነሣ ሁሉ ስለሚጠቅሰው እኔ አልጨርሰውም። የመሥሪያ ቤቱ አማርኛ ከዚህም ይረቃል፦ «ያልተወራረደ»፣ «ብልሹ አሠራር»፣ «የመልካም አስተዳደር ችግር»። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለፓርላማ ሪፖርት ሲያቀርብ ከእነዚህ ቃላት አንዱን ያልሰማ አለ?

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤድዊን ሰዘርላንድ «የነጭ ኮሌታ ወንጀል» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1939 ሲያወጣ፣ የተከበረና ከፍ ያለ ቦታ ያለው ሰው በሥራው አማካይነት የሚፈጽመውን ወንጀል ማለቱ ነበር። በእኔ እምነት ክብደቱ ያለው «የተከበረ» በሚለው ላይ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ 70 ታላላቅ ኩባንያዎች ያደረገውን ጥናት ሲያሳትም፣ አሳታሚው ክስ ፈርቶ የኩባንያዎቹን ስም አስወጣው። ስሞቹ ተመልሰው የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ እሱ ከሞተ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ። የተከበረ ሰው ስም መጥራት ለካ ሌላውም አገር ያንቃል።

እኛ አገር የማን ስም እንደሚጠራ ደግሞ ጅማ በቅርቡ አይታለች። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛንፎ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣት ቻሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢን ጨምሮ በየዩኒቨርሲቲው ተማሪው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ወደ ኤቲኤም ሮጠ። ባንኩ ወጣብኝ ያለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው፤ አብዛኛውም በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ። ያልመለሱትን ስማቸውን አወጣ፣ ፎቶግራፋቸውንም ለጠፈ። ያልተገባ ብር ማውጣት ሌብነት ነው፤ ተማሪ መሆን አያጸድቀውም። የገረመኝ ፍጥነቱ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ጉርድ ፎቶ ግድግዳ ላይ ለመውጣት ሳምንታት በቁ። በእስክሪብቶ የወሰደ ሰው ፎቶ በዚህ ከተማ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቼ አላውቅም፤ የማየው በምረቃ ሪባን ሲቆርጥ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሙስናን ከመንግሥት ቢሮ አሻግሮ፣ ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድረውን «ሕዝባዊ ድርጅት» ጭምር ሥሩ አድርጎታል። እድርን ለይቶ ትቶታል፤ የቡና ማኅበር ግን እድር አይደለም። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በገንዘብ ማጠብ ላይ የወጣው 780/2005 አለ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከገቢው በላይ ሀብት ያካበተን ሰው ምንጩን አስረዳ የሚል የንብረት ማስመለስ አዋጅ ጸድቋል። ሰሞኑን ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ ይህን አዋጅ «አሁን ያለቀላቸው መሰለኝ» ሲል ተስፋ አደረገበት። እኔ አልመሰለኝም።

አንደኛው ምክንያቴ፣ ሕጉ በታሪኩ ከሰው ጋር መነካካቱ ነው። በ1993 ዓ.ም. ፍርድ ቤት የቀድሞውን መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ ሲለቅ፣ በቀናት ውስጥ ሕግ ተሻሽሎ ሙስና ዋስትና የማያሰጥ ወንጀል ሆነ። በ2005 ዓ.ም. የገቢዎችና ጉምሩክ ኃላፊዎች በከባድ ሙስና ታሰሩ፤ በ2010 ዓ.ም. የዋናው ኃላፊ ክስ ተቋርጦ ወጡ። ማን በድሎ ማን ተበድሎ እንደነበር መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። ውጤቱ ግን ይህ ነው፦ ባለሥልጣን ሲታሰር ጅማ ላይ ሰው «ምን ሰረቀ?» ብሎ አይጠይቅም፣ «ከማን ተጣላ?» ይላል።

ሁለተኛው የሚብሰው ነው። ሕጎቹ በመጨረሻው ላይ፣ ቪላው ሲሠራና መኪናው ሲገዛ ያፈጥጣሉ። ገንዘቡ የሚሄደው ግን በሚዛኑ አጠገብ ነው። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈልፍሎ አንድ ኪሎ ገደማ ቡና ይወጣዋል። በዚህ መቀነስ ውስጥ ብዙ ነገር መደበቅ ይቻላል። ላልመጣ ገበሬ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የጣት አሻራ የማን እንደሆነ ማን ይመረምራል? ያልነበረው እሸት በወረቀት ይገዛል፣ ከዚያ በወረቀት «ይደርቃል»፣ በወረቀት ይበላሻል። ይህን የሚያውቀው መርማሪ ሳይሆን ሚዛን ላይ የሚቆመው ልጅና መዝገቡን የሚጽፈው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣ ጉዳይ ጥበቃ ያውቃል፤ መኖሪያ እስከ መለወጥ ድረስ። የሒሳብ ሠራተኛው ግን የሚፈራው ጥይት አይደለም። የሚፈራው በማግስቱ ሰላምታ መነፈጉን፣ የእህቱ ሠርግ ላይ ድንኳኑ ባዶ መሆኑን ነው። ሊቀ መንበሩ እኮ ለቅሶ ቀድመው የሚደርሱ፣ የታመመ የሚያሳክሙ ሰው ናቸው።

ስለዚህ የማንም ፎቶ ይለጠፍ አልልም፤ ፍርድ ሳይሰጥ የሰው ፊት መለጠፍ ለተማሪውም አይገባም ነበር። የኦዲቱ ገጽ ይለጠፍ። ማኅበራት በየዓመቱ ኦዲት እንዲደረጉ ሕጉ ያዛል፤ ግኝቱ ግን አንድ ጊዜ ተነቦ መሳቢያ ይገባል። የዕለቱ የእሸት ዋጋ በሚጻፍበት ሰሌዳ አጠገብ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ከተገዛበት ሰው ስምና ኪሎ ጋር ይውጣ። ያልሸጠው ገበሬ ስሙን ሲያየው ማንም ጠቋሚ መሆን አያስፈልገውም፤ ራሱ ይናገራል።

ያን እሑድ አዛውንቱ ከተቀመጡ በኋላ የተጻፈው ቃለ ጉባኤ «ስለ ታየው የሒሳብ ጉድለት ሰፊ ውይይት ተደርጎ ለወደፊቱ ጥንቃቄ እንዲደረግ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። «ማን አጎደለው?» የሚለው ጥያቄ የለበትም። የማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛም የጉባኤው ጸሐፊም እኔ ነበርኩ። አንብቤ አሰምቼ፣ ከሊቀ መንበሩ ፊርማ ሥር ፈረምኩ።