የልጄን ማርክ ቀንሱልኝ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሚማርበት ትምህርት ቤት መልእክት መጣልን። ከአሁን በኋላ በፊዚክስ ፈተና ዩኒት (እንደ ግራም ያለውን መለኪያ) ያልጻፈ ወይም አሳስቶ የጻፈ ተማሪ ማርክ አይቀነስበትም። ምክንያታቸው "ቀመሩን ካወቀ በቂ ነው፣ ሌላውን ካልኩሌተር ይሠራዋል" የሚል ነው። በጣም ነው የተናደድኩት።

የትኛው ካልኩሌተር? 500 ብላችሁ ስትጽፉለት 500 ብቻ ነው የሚያየው። ግራም ይሁን ኪሎግራም አያውቅም። ማወቅ ያለበት ተማሪው ነው፤ እናንተ ደግሞ ባያውቅም ችግር የለውም አላችሁት።

የልጄን የፈተና ወረቀት አየሁት። 500 ግራም ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 92 ዲግሪ ለማሞቅ ስንት ጁል (የኢነርጂ መለኪያ) ያስፈልጋል? (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው እዚያው 92 አካባቢ ነው።) ቀመሩን አሳምሮ ጽፎታል፦ ማስ በስፔሲፊክ ሂት (አንድ ኪሎ ወይም አንድ ግራም በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው)፣ ያም በሙቀት መጠን ለውጥ ሲባዛ። 500 በ4186 በ72። መልስ፦ 150,696,000። ቀመሩ ልክ ነውና ሙሉ ማርክ ተሰጠው!

4186 እኮ የአንድ ኪሎ ውሃ ነው። በግራም የሚሠራ ሰው 4.186 ይጠቀማል፣ አለዚያ 500ውን 0.5 ኪሎግራም ያደርገዋል፤ ያኔ 150,696 ጁል ይወጣል። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው። ያንን ውሃ 2000 ዋት በሆነ ማንቆርቆሪያ እናፍላው ብንል፣ ወደ ውጭ የሚባክነውን ትተን፣ 75 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በልጄ መልስ ከሄድን ግን ወደ 21 ሰዓት ነው፤ ማታ የጣድነው ሻይ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይም አይፈላም። ከየቁጥሩ ጎን ዩኒቱን ጽፎ ቢሆን ኖሮ ግራሙና ኪሎግራሙ እርስ በርስ አንሰረዝም ብለው ስህተቱን እዚያው ያሳዩት ነበር። ዩኒት የሚጻፈው ለዚህ ነው፣ መልስ ለማሳመር አይደለም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። የሙቀት ለውጡ በሴልሺየስም በኬልቪንም ያው 72 ነው። ይህንንም ግን ዩኒት ያልተማረ ልጅ አያውቀውም፤ ወደ ኬልቪን ልቀይር ብሎ 72 ላይ 273 ደምሮ ቁጭ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 አየር ላይ ነዳጅ አልቆበት ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፉ። ነዳጁ በኪሎግራም መሰላት ሲገባው የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ የሆነውን ቁጥር፣ 1.77ን፣ ተጠቅመው ነበር። አብራሪዎቹ ካናዳ ውስጥ ጊምሊ የሚባል ቦታ ላይ እያንሳፈፉ ስላሳረፉት ሰው አልሞተም። እዚያም ቀመሩ ልክ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ። ማርኩን ቀንሱልኝ፣ መመሪያውንም ከሚቀጥለው ፈተና በፊት አንሱት።