ባለሙያ ተብዬው

ቧንቧው ያንጠባጥብ ነበር። ባለሙያ ጠራሁ። አሁን ይፈሳል! እድገት ማለት ይሄ አይደል?

የቧንቧው ጥርስ ላይ ቴፍሎን፣ ያቺን ውሃ እንዳያፈስ የምትጠቀለል ስስ ነጭ ጥቅል፣ መጠቅለል ይህን ያህል ይከብዳል? ጭራሽ በተቃራኒው አዙሮ ጠቅልሎት፣ ሲያጠብቀው ተተርትሮ ወጣ። በሩን የሰቀለው ደግሞ አለላችሁ። በሩ ዛሬም አልዘጋ ብሏል። "እንጨቱ ነው" አለኝ። ሁሌም ጥፋቱ የእንጨቱ ነው፣ የግድግዳው ነው፣ ከእሱ በፊት የሠራው ሰውዬ ነው። ቀጥ ማለቱን የሚለካው ውሃ ልክ እኮ ለጌጥ አልተፈለሰፈም! "ወንድሜ" የምባለውም ሒሳብ እስክከፍል ነው። ከዚያ ስልክ ማን ያነሳል?

በቃ! ካቻቢቴና ፒንሳ ገዛሁ። ዋናውን ውሃ ዘጋሁ፣ ፈታሁ፣ ቴፍሎኑን በጥርሱ አዟዟር ጠቅልዬ አሰርኩት። አይፈስም። ቀጥሎ በሩ ነው። ኤሌክትሪክ ግን አልነካም፤ እዚያ ላይ ገና ምርኮኛቸው ነኝ።