ዓይኑ ይሻሻል ወይስ አንጎሉ? የሹፌር አልባ መኪና ክርክር

የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። ሹፌር አልባ መኪና ፊቱ ያለውን ነገር በደንብ እንዲለይ ገንዘቡ የት ይፍሰስ? ላይዳር በሚባለው የሌዘር ስካነር ላይ ወይስ ከላይዳሩ የሚመጣውን መረጃ በሚያነበው ሶፍትዌር ላይ? ተከራካሪዎቹ በሥራ ይተዋወቃሉ፤ ስለዚህ አንቱታውን ትተውታል። እሷ ለሌዘሩ ትከራከራለች፣ እሱ ለሶፍትዌሩ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ለሌዘሩ፦

ከሒሳቡ ልጀምር። ላይዳር የሌዘር ብልጭታ ይልካል፤ ብርሃኑ ዕቃውን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያወጣል። መቶ ሜትር ደርሶ ለመመለስ አንድ ማይክሮ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ችግሩ ፍጥነት አይደለም። ችግሩ በጨረሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

በ2007 ዳርፓ (የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም) ባዘጋጀው የሹፌር አልባ መኪኖች የከተማ ውድድር ስሙ የገነነው የቬሎዳይን ኩባንያ ላይዳር 64 ጨረር ነበረው። ጨረሮቹ ከላይ እስከ ታች 27 ዲግሪ ያህል ይሸፍናሉ። ስናካፍለው በሁለት ጨረሮች መካከል 0.4 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ትንሽ ይመስላል አይደል? መቶ ሜትር ላይ ግን 70 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ነው። የቆመ ሰው ላይ ቢበዛ ሁለት ሦስት መስመር ያርፍበታል። መንገድ ላይ የተጋደመ ጎማ ደግሞ ከነጭራሹ በመስመሮቹ መካከል ሊያመልጥ ይችላል። ቢያርፍበትም ጎማ ጥቁር ነው፤ አብዛኛውን ብርሃን ይውጠዋል። ሻጭ «የኛ ላይዳር 200 ሜትር ያያል» ሲላችሁ «ምን ያህል ለሚያንጸባርቅ ዕቃ?» በሉት። 10 በመቶ ብቻ ለሚያንጸባርቅ ካላለ ቁጥሩ ብዙም አይጠቅማችሁም።

በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 30 ሜትር ይጓዛል። ነገሩን አውቆ፣ ፍሬን ይዞ እስኪቆም መቶ ሜትር ይጠጋል። እዚያ ርቀት ላይ ያልታየን ጎማ ሶፍትዌሩ ከየት ያመጣዋል?

ለሶፍትዌሩ፦

እህቴ፣ ሒሳብሽ ልክ ነው። እኔ ግን ሰው የሞተበትን ጉዳይ ላንሳ። በማርች 2018 ኡበር ይሞክረው የነበረ መኪና አሪዞና ውስጥ ቴምፒ ከተማ ላይ፣ ማታ፣ ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ነው። ራዳሩ ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አግኝቷታል። ላይዳሩም 5.2 ሰከንድ ሲቀረው አይቷታል። ዓይኑ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ሶፍትዌሩ ግን አንዴ መኪና፣ አንዴ «ሌላ ነገር»፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ስም ይቀያይርላታል። ስም በቀየረ ቁጥር ቀድሞ የት እንደነበረች የያዘውን መዝገብ ይጥለዋል። ስለዚህ ወዴት እየሄደች እንደሆነ ሊገምት አልቻለም። የባሰም አለ። ሰው ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ ሊሻገር ይችላል የሚል ነገር ጭራሽ አልታሰበበትም። ለእንዲህ ያለ ሶፍትዌር 640 ጨረር ብትሰጪው ምን ይፈይዳል?

(አዘጋጁ ጣልቃ ልግባ፦ ቦርዱ ዋናውን ምክንያት ያደረገው መሪው ጋ ተቀምጣ ስልኳን ታይ የነበረችውን ተቆጣጣሪ ነው። የሶፍትዌሩ ጉድለት ግን እሱ እንዳለው ነው፤ እኔም ሪፖርቱን ሳነብ ይበልጥ ያስገረመኝ እሱ ነው።)

ለሌዘሩ፦

ወንድሜ፣ ዓይኑ ያየበትን መርጠህ አመጣህ። ያላየበትንም እናንሳ። በሜይ 2016 ፍሎሪዳ ዊሊስተን አጠገብ በአውቶፓይለት (መኪናውን በከፊል በራሱ በሚነዳው ሥርዓት) ይሄድ የነበረ ቴስላ ነጭ ተሳቢ ስር ገባ፤ ሹፌሩ ሞተ። መኪናው ላይዳር የለውም። ቴስላ ራሱ ያኔ ያለው የተሳቢው ነጭ ጎን ከብሩህ ሰማይ አልተለየም ነው። ላይዳር የራሱን ብርሃን ይዞ ስለሚመጣ ሰማዩ በራም ጨለመም ብዙም ግድ የለውም።

ዋጋው ውድ ነው እንዳትለኝ። የ64 ጨረሩ ዕቃ በዘመኑ 75 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ የቻይናው ሄሳይ ከ200 ዶላር በታች የሆነ ላይዳር አውጥቷል።

ደግሞ ማሻሻል ማለት ጨረር መጨመር ብቻ አይደለም። አሁን በብልጭታ ፋንታ ድግግሞሹ የሚለዋወጥ፣ የማይቋረጥ ጨረር የሚልክ ላይዳር አለ። በዶፕለር አማካይነት፣ ማለትም ከሚንቀሳቀስ ነገር የሚመለስ ብርሃን ድግግሞሹ ስለሚለወጥ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ከርቀቱ ጋር ፍጥነቱንም ይዞ ይመጣል። የቴምፒው ሶፍትዌር መዝገቡን ቢጥል እንኳ እየተንቀሳቀሰች መሆኗን ከአንድ እይታ ያውቅ ነበር።

ለሶፍትዌሩ፦

እዚህ ጋ ያዝ አድርጊልኝ። ዶፕለር የሚለካው ወደ አንቺ የሚመጣን ወይም ካንቺ የሚርቅን ነው። ሴትየዋ የምትሻገረው በጎን ነው። የመኪናውን የራሱን ፍጥነት ስትቀንሺ የሚቀረው ወደ ዜሮ ይጠጋል። ላይዳርሽ ቆማለች ብሎ ነው የሚያርፈው። የጎን እንቅስቃሴን የሚይዘው ያው እይታዎችን አያይዞ የሚከታተል ሶፍትዌር ነው።

ዓይኑን በቀየርሽ ቁጥር ሌላም ዕዳ አለ። በ64 ጨረር መረጃ የሠለጠነ ሞዴል (ዕቃዎችን የሚለየው የሶፍትዌሩ ክፍል) 32 ጨረር ወዳለው ሲዛወር ውጤቱ ያሽቆለቁላል። የነጥቦቹ አደራደር ይለወጥበታላ! እንደገና መረጃ መሰብሰብ፣ ሞዴሉ እንዲማርበት እያንዳንዱን መኪናና እግረኛ በሣጥን ማጠር። በየዓመቱ ይህን የሚችል ኪስ ያለው ስንቱ ነው?

ስለ ዝናብና ጉምስ ለምን ዝም አልሽ? የውሃ ጠብታ ብርሃኑን መልሶ ይልካል። በብርድ ቀን ከጭስ ማውጫ የሚወጣ እንፋሎት ሳይቀር እንደ ግድግዳ ሊታይ ይችላል።

ለሌዘሩ፦

ዝም አላልኩም፣ ተራዬ አልደረሰም እንጂ። ጥሩ ላይዳር ከአንድ ብልጭታ ከአንድ በላይ ምላሽ ይቀበላል። የመጀመሪያው ከጠብታው፣ የመጨረሻው ከኋላው ካለው መኪና ይሆናል። የሞገዱን ርዝመትም መምረጥ አለ። 905 ናኖሜትር የሚመለሰውን ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ተቀባዩ፣ ርካሽ ነው፤ ግን የሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ሬቲና (የዓይን የኋላ ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ስለሚደርስ ኃይሉ መገደብ አለበት። 1550 ሬቲና ጋ አይደርስም። ስለዚህ ጠንከር አድርገህ ልከህ ጥቁሩን ጎማ ከሩቅ ታያለህ። እርግጥ ተቀባዩ ይወደዳል፤ ውሃም ይበልጥ ይውጠዋል። ምርጫው እንደ አገሩ አየር ነው።

ከፈለግህ እንሞክረው። ጎማ 150 ሜትር ላይ እናስቀምጥ። አንተ የወደድከውን ሞዴል በድሮው 64 ጨረር አሂድ፤ እኔ ተራ ሞዴል በአዲሱ ላይዳር።

ለሶፍትዌሩ፦

ተስማምቻለሁ። ግን ማታ ይሁን፣ ዝናብም ይኑር። ከጎማው ራቅ ብሎ ደግሞ ነፋስ የሚያንከባልለው ባዶ ፌስታል ይጨመር። የአንቺ መኪና ለፌስታሉም በ110 ፍሬን ከያዘ አልተቀበልኩም።