ማስተካከያ፦ በኢንተርኔት በሕፃናት ላይ በተሞከረ የወሲብ ወንጀል ስለተላለፈ ቅጣት ይግባኝ

ሰሞኑን በባሕር ዳር ለታራሚ ቤተሰቦች በተበተነ በራሪ ጽሑፍ፣ በኢንተርኔት ሕፃናትን ለወሲብ በማግባባት ሙከራ የተፈረደበት ሰው በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚችልና ድርጊቱ ከሙከራ ስላላለፈ ቅጣቱ በግማሽ እንደሚቀነስለት የተገለጸው ትክክል ባለመሆኑ እንደሚከተለው ይስተካከል።

60 ቀን የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ጊዜ ነው። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ባዩ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ያስታውቃል፤ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላም በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ያቀርባል። ታራሚው ሁለቱንም በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ማስተላለፍ ስለሚችል፣ ቤተሰብ ከዘጌ ወይም ከደልጊ ጣና ሐይቅን ተሻግሮ እስኪመጣ እየጠበቀ ቀኑን ማሳለፍ የለበትም።

ቅጣቱን በተመለከተ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ለዚህ ወንጀል ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 27 ሙከራውም በዚያው ቅጣት እንዲያስቀጣ አድርጎ፣ ሁኔታው ሲፈቅድ ፍርድ ቤቱ ሊያቀልለው እንደሚችል ብቻ ይናገራል። ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አንሷል ብሎ ይግባኝ ሊል ይችላል።

በጽሑፉ ላይ በናሙናነት የቀረበው ማመልከቻ የተበዳይዋን ሕፃን ሙሉ ስምና ትምህርት ቤት የሚሞላበት ክፍት ቦታ አለው፤ በዚያ መልክ ተሞልቶ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዞር አጥብቀን እንጠይቃለን።