ለስኳር ሕመምተኛ መጀመሪያ ስትሪፕ፣ ከዚያ ስልክ፤ አፕሊኬሽኑ ይቆየን

የጤና ቴክኖሎጂ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ አፕሊኬሽን ነው። ስኳር የሚመዘግብ፣ ግራፍ የሚያወጣ፣ ስማርት ስልክ ላይ የሚጫን። ወጪ ይቀንሳል ይባላል። ስልክ ለስኳር ሕመም ክትትል ያዋጣል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። የሚያዋጣው ግን ይሄኛው አይደለም።

ለመሆኑ ወጪውን የሚከፍለው ማነው? ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከማውቃቸው የስኳር ታማሚዎች ብዙዎቹ ክትትላቸው አሁንም መሀል ከተማ፣ ድሮ በኖሩበት ሰፈር ነው። በቀጠሮ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳሉ። ምርመራው በባዶ ሆድ ስለሆነ ምንም ሳይቀምሱ ይወጣሉ። ታክሲ ይቀያይራሉ። ካርድ ክፍል ሰልፍ፣ ላብራቶሪ ሰልፍ፣ ፋርማሲ ሰልፍ። መጨረሻ ላይ «ይሄኛው የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሊባሉም ይችላሉ። የቀን ሠራተኛ ከሆኑ የዚያን ቀን ገቢ የለም። አቅም ያነሳቸው እናት ከሆኑ ደግሞ አንድ ልጅ ከሥራ ቀርቶ ይዟቸው ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሆኖ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ «በያዙት ይቀጥሉ» ብሎ ይሸኛቸዋል። የአዋጭነት ስሌት ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከመንግሥት ካዝና አንጻር ነው። የታክሲውና የቀረው የቀን ገቢ እዚያ ውስጥ አይገባም። ቢገባ ኖሮ የአምስት ደቂቃ የስልክ ጥሪ ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ይታይ ነበር።

ስኳርን መቆጣጠሩ ራሱ አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካና በካናዳ፣ በ1998 ደግሞ በእንግሊዝ የተጠናቀቁ ትልልቅ ጥናቶች ስኳሩ በደንብ የተያዘለት ሰው እንደ ዓይንና ኩላሊት ባሉ አካላቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እግር ከተቆረጠ ወይም የኩላሊት እጥበት ከተጀመረ በኋላ የቤተሰብ ጥሪት አይተርፍም።

የስልክ መልእክትስ ስኳር ያወርዳል? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኒውዚላንድ ጥናት 366 ሰዎችን አሳትፎ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማ አጭር መልእክት እስከ ዘጠኝ ወር የተላከላቸው ሰዎች ስኳራቸው ካልተላከላቸው የበለጠ ወርዷል። በደቡብ አፍሪካና በማላዊ ግን መድኃኒት እንዲወስዱ የሚያስታውስ መልእክት ተሞክሮ፣ በስኳር መጠን ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እኔ ከዚህ የምረዳው መልእክት ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ የስኳር ልኬታቸውን በልጅ ልጃቸው ደብተር ላይ ያስጽፋሉ። ደብተሩን አሳይተውኛል። ቁጥሮቹ የተራራቁ ናቸው፤ የሚበረክቱት በቀጠሮ ሰሞን ነው። ስትሪፕ፣ ማለትም መለኪያው ላይ ተሰክቶ የደም ጠብታ የሚቀበለውን፣ አንዴ ብቻ የሚያገለግለውን ቁራጭ፣ ስለሚቆጥቡ ነው። ቀጠሮ ሲደርስ ደግሞ ሐኪሙ እንዳይቆጣቸው ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ይቀንሳሉ። የዕለቱ ቁጥር ያምራል። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ግን አይሸወድም። መሳቢያ ውስጥ በስጦታ የመጣ ሌላ መለኪያም አላቸው። የእሱ ስትሪፕ ከገበያ ጠፋ፤ የሌላ ድርጅት ስትሪፕ ደግሞ አይሠራበትም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ለእኚህ ሴት ምርጡ አፕሊኬሽን ቢጫንላቸው እንኳ የሚያስገቡት ቁጥር የላቸውም።

ስለዚህ ለአፕሊኬሽን የታሰበ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ስትሪፕ ይገዛበት። አንድ ዓይነት መለኪያ ይመረጥና ስትሪፑ በጤና መድኅን ይሸፈን። ቀጥሎ ለጤና ጣቢያው ስልክ ይሰጠው። የሚያስፈልገው አንዲት ነርስ፣ የታካሚዎች ዝርዝርና የአየር ሰዓት ነው። ታካሚው ጋር ቁልፍ ስልክ ካለ ይበቃል። እዚህ ሰፈር *127# ብለው በቴሌብር ብር የሚላላኩ ሰዎች ኢንተርኔት አልጠበቁም።

ጥሪው ትልቅ ዋጋ የሚኖረው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ነው። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ማውረጃ ክኒን ውጠው እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ሰዎች አሉ። ስኳራቸው ይወርዳል፤ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ይወድቃሉ። «አትጹሙ» እንዳይባሉ ፈርተው ለሐኪም አይናገሩም። ነርሷ ቀድማ «እማማ፣ ጾሙ ሊገባ ነው፤ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ሊወስዱ አሰቡ?» ብላ ብትደውል ግን ይነግሯታል። ሰዓቱንም መጠኑንም ከሐኪሙ ጋር ተማክራ ታስተካክላለች። ሴኔጋል ለረመዳን ጾመኞች የስልክ ምክር በመንግሥት ደረጃ ልካለች። እኛ ሁለቱም ጾም አለን።

ማንበብ ለማይችሉ በድምፅ ይሁን። በእነዚህ ሰፈሮች ደግሞ አማርኛ ብቻ አይበቃም፤ አፋን ኦሮሞም የግድ ነው።

ሥራው በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ለአንድ ዓመት ይሞከር። የሦስት ወሩ አማካይ ምርመራ ሲጀመርም ሲያልቅም ይሠራ። የታካሚው ትራንስፖርትና የቀረበት ገቢም ይመዝገብ። ስኳሩ ካልወረደ፣ ምልልሱም ካልቀነሰ ጥሪው ይቁምና ገንዘቡ ለስትሪፕ ይዋል።