ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማንን አስቀየመ?

ደብረ ብርሃን ላይ ሊከፈት የታሰበ አንድ የፎቶ ዐውደ ርዕይ ጥቁርና ነጭ ሥራ እንደማይቀበል ሰሞኑን ሰማን። ምክንያቱ ደግሞ «አካባቢያችንን ያረጀና የደኸየ ያስመስላል» የሚል ነው። አንደኛው አዘጋጅማ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያቀረቡትን ልጆች «ከፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ቀድታችሁ ነው» ብሎ ገሥጿቸዋል አሉ።

ድሃ ያስመስላል? አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ ዕድሜውን ሙሉ የዮሰሚቲን ሸለቆና የሴራ ኔቫዳን ተራሮች በጥቁርና ነጭ ሲያነሳ አሜሪካ ድሃ መሰለች? እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1938 የሴራ ኔቫዳን ፎቶዎች በመጽሐፍ አሳትሞ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢከስ ላከ። ኢከስ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አሳየው፤ በ1940 እዚያው ሴራ ኔቫዳ ያለው ኪንግስ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ሌሎችም ደክመውበታል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ግማሹን ሥራ የሠራው መጽሐፉ ነው። የመንዙን ጓሳ እንዲህ አድርጎ የሚያሳይ መጽሐፍ አንድ ሚኒስትር ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ የሚጠላ ማን ነው?

ልጆቹ ከእንዲህ ዓይነቶቹ የፎቶ መጻሕፍት የሚማሩት ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 አዳምስ ዮሰሚቲ ውስጥ ሀፍ ዶም ከሚባለው ገደል ፊት ቆሞ መጀመሪያ በቢጫ ማጣሪያ፣ ማለትም ሌንሱ ፊት በሚገጠም ባለቀለም መስታወት፣ አነሳ። ሰማዩ ፈዞ እንደሚወጣበት ሲገባው፣ በቀረችው የመጨረሻ የመስታወት ኔጋቲቭ ላይ ደማቅ ቀይ ማጣሪያ ገጥሞ ደገመው። ቀዩ ማጣሪያ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያስቀር ሰማዩ ጠቆረ፣ ገደሉ ገዝፎ ወጣ። ይህን ገጽ ደጋግሞ ያየ ልጅ ጣርማበር ላይ ሲቆም ዓይኑ ሌላ ነው። ጉሙ ከደብረ ሲና በኩል ሽቅብ ሲወጣ የቅርቡ ሸንተረር ጥቁር፣ ቀጥሎ ያለው ፈካ ያለ፣ የሩቁ ደግሞ ከሰማይ ለመለየት የሚያስቸግር ይሆናል። ይህንኑ በቀለም አንስታችሁ እንደ ልማዳችሁ አረንጓዴውን በኮምፒውተር አድምቁት፤ ሸንተረሩ ሁሉ አንድ ላይ ይላቁጣል። በስልክ ያየ ልጅ ደግሞ በአውራ ጣቱ ገፍቶ ያልፈዋል፤ ጥላው ውስጥ ያለውን ድንጋይ የሚያየው መጽሐፍ ዘርግቶ የተቀመጠው ነው።

አደይ አበባን በቀለም አንሱት፤ እሱን አልከራከርም።

«ከፈረንጅ የተቀዳ» የሚለው ግን ያስቃል። ካሜራው የማን ሆነና? ብራዚላዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሰባስቲያኦ ሳልጋዶ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው «ጀነሲስ» በተባለው የፎቶ መጽሐፍ ውስጥ የእኛው የሰሜን ተራሮች በጥቁርና ነጭ ታትመዋል። እሱ ከእኛ ተራራ ሲወስድ ያልተቆጣ ሰው፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ከእሱ ገጽ ላይ ብርሃን ማየት ሲማር ምን ቆጨው?

ኮሚቴው ውሳኔውን ያንሳ። አላነሳም ካለም እውነተኛውን ምክንያት ደንቡ ላይ ይጻፈው፦ የምንፈልገው ለካላንደርና ለባነር የሚሆን አረንጓዴ ነው ይበል። ልጆቹም ፎቷቸውን ይዘው ሌላ ግድግዳ ይፈልጋሉ።